አራሷን ማን ጠየቃት?

በአማርኛ «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ያላወቅነውን እንጠይቃለን፤ የታመመ፣ የታሰረና የወለደች ሰውም እንጠይቃለን። አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ገንፎውን ይቀምሳል፣ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል፣ መርቆ ይወጣል። ከመጡት ሁሉ ግን አራሷን በመጀመሪያው ትርጉም የጠየቃት ስንቱ ነው? «አንቺስ? ሌሊት ሌሊት ምን ታስቢያለሽ?» ያላት ማለቴ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው። አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ የሚይዛት፣ ዛሬ የድኅረ ወሊድ ድባቴ የምንለው ሕመም ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ማሕፀንን፣ ወተትን፣ ደምንና ሆርሞንን ሲመረምሩ ኖረዋል። ስለ ባሏ፣ ስለ ቤቷና ስለ ጓዳዋ የጠየቁት ዘግይተው ነው የመጡት። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ነገሩን የማየው እንደ መለኪያ መሣሪያ ታሪክ ነው። ሴንሰራችሁን የት እንደተከላችሁት የምታገኙትን ነገር ይወስነዋል።

መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው የሚቀላቅላቸውን ሦስት ነገሮች እንለይ። በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ የሚብሳቸው፣ በትንሽ ትልቁ የሚያለቅሱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። በሌላኛው ጫፍ ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚለይ ከባድ ሕመም አለ። ይሄኛው በአስቸኳይ ሐኪም ይፈልጋል፤ የሥነ ሕይወት ድርሻውም ትልቅ ነው። የኛ ጉዳይ መሀል ላይ ያለው፣ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆየው ድባቴ ነው።

በ1858 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሉዊ ቪክቶር ማርሴ የሚባል የ30 ዓመት ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ አራሶችና ስለሚያጠቡ እናቶች የአእምሮ ሕመም ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ዛሬም በስሙ የሚጠራ ዓለም አቀፍ የምርምር ማኅበር አለ። ማርሴ መንስኤውን ሲያስብ በመራቢያ አካላትና በአንጎል መካከል ስላለ ግንኙነት ያስብ ነበር። ያን ማሰቡ ለዘመኑ አያስገርምም። ችግሩ ያያቸው ሴቶች የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የገቡት መሆናቸው ነው። ማቆያ የምትገባው ደግሞ ሕመሟ የከፋ ሴት ናት። ከማርሴ በፊት የነበረው ኤስኪሮል የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው ብዙ እናቶች እቤታቸው እየተያዙ ከቁጥር ሳይገቡ እንደሚቀሩ ጽፎ ነበር። ይህ ዐረፍተ ነገር ለአንድ ምዕተ ዓመት ሰሚ አጥቶ የኖረ ይመስለኛል።

መቶ ዓመት እንለፍና ለንደን እንሂድ። በ1968 ብራይስ ፒት የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ማቆያ ውስጥ መፈለጉን ትቶ 305 ተራ ነፍሰ ጡሮችን ወስዶ ከወለዱ በኋላ ተከታተላቸው። 10.8 በመቶ የሚሆኑት ድባቴ ይዟቸው አገኘ። ከአሥር አንዷ ማለት ነው! አብዛኞቹ ማንም ሳያውቅላቸው ልጅ ሲያጠቡ፣ ልብስ ሲያጥቡ የከረሙ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ሴንሰሩ ወደ ቤት ሲጠጋ ቁጥሩ ተቀየረ። ምክንያቱ ግን ገና ነበር።

ምክንያቱን ፍለጋ በዚያው ከተማ በደቡብ ለንደን፣ ካምበርዌል በሚባል ሠፈር ቀጠለ። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ ከአዲስ እናቶች ጋር ብቻ አልነበረም የሠሩት፤ በሠፈሩ የሚኖሩ 458 ሴቶችን አነጋግረው ውጤቱን በ1978 በመጽሐፍ አወጡ። የጥናቱ ዘዴ እኔን በጣም ይማርከኛል። አንድ ሴት የደረሰባትን ነገር ረዘም አድርጋ ትናገራለች። ከዚያ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚመዝኑት እሷ ምን እንደተሰማት፣ ድባቴም ይያዛት አይያዛት ያልተነገራቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው። የሚነገራቸው ሁኔታዋ ብቻ ነው። ለምሳሌ እርግዝና በራሱ ክብደት የለውም። ቤት ያላት፣ ባሏ የሚደግፋት ሴት ማርገዝና ከኪራይ ቤት ልቀቂ የተባለች፣ ባሏ የጠፋባት ሴት ማርገዝ አንድ አይነት ክስተት ተደርገው አይመዘኑም። ለምን ይሄን ያህል ተለፋ? ድባቴ ያለበት ሰው ያለፈውን ሁሉ ጨለማ አድርጎ ሊያስታውስ ስለሚችል፣ በራሱ ሚዛን ብቻ ከተለካ ምክንያትና ውጤት ይምታታሉ።

ከዚህ ልፋት የወጣው፣ ከባድ ነገር ሲደርስ ሴቲቱን ይበልጥ የሚያጋልጡ አራት ሁኔታዎች ናቸው፤ የልቧን የምታካፍለው ባል ወይም ወዳጅ ማጣት፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች እቤት መኖር፣ ከቤት ውጭ ሥራ አለመኖርና ከ11 ዓመት በፊት እናትን በሞት ማጣት። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁሉንም በእኩል አላረጋገጡም፤ ስለ ሥራውና ስለ ልጆቹ ብዛት የተለያየ ውጤት ተገኝቷል። የመጀመሪያው ግን፣ የልብን የሚያካፍሉት ሰው ማጣት፣ ከሁሉ በተሻለ ጸንቶ ቆይቷል። ሰው በሞላበት ቤትም የልብ ሰው ሊጠፋ እንደሚችል ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ አፍሪካ እንመለስ። በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን ሐኪሞች ዘንድ ድባቴ አፍሪካውያንን እምብዛም አይነካም የሚል አሮጌ እምነት ነበር። ዘመድ አዝማድ ስላላቸው አይጨነቁም ዓይነት ነገር። ጆን ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1970ዎቹ ካምፓላ አቅራቢያ ባለች ካሳንጋቲ እናቶችን ሲያጠና ነገሩ እንዲያ አልሆነለትም። ከወለዱት መካከል ከአሥር አንዷ ገደማ ድባቴ ነበረባት። ስኮትላንድ ተመልሶ የኤድንብራ እናቶችን ሲያጠናም ያገኘው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ደግሞ የቡጋንዳ ሰዎች ወላድን ስለሚይዝ የአእምሮ ሕመም «አማኪሮ» የሚል የራሳቸው ስም ነበራቸው። ምክንያቱ በእርግዝና ወቅት ባል ወይም ሚስት መማገጣቸው ነው ይሉ ነበር። ማብራሪያውን መቀበል የለብንም። ግን እነሱም ቢሆኑ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ትዳሩ እንጂ ወደ ማሕፀኗ አልነበረም።

ኮክስ ከጄኒ ሆልደንና ከሩት ሳጎቭስኪ ጋር ሆኖ በ1987 ያወጣው መጠይቅ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የኤድንብራ መለኪያ ነው። 10 ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ፣ ድምሩ ከ30። ስላለፉት ሰባት ቀናት ነው የሚጠይቀው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከእሱ በፊት የነበሩት መጠይቆች እንቅልፍ አጥተሻል ወይ፣ ደክሞሻል ወይ እያሉ ነበር የሚጠይቁት። የአንድ ወር ሕፃን ይዛ ደህና የምትተኛ እናት የት አለች? ሁሉም አዎ ትላለች፣ መለኪያው በሁሉም ላይ ይጮኻል። እነኮክስ ድካሙን ትተው ሐዘኑንና ፍርሃቱን ያዙ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው፤ ለእሱ ከ«በጭራሽ» ሌላ መልስ የሰጠች እናት ድምሯ ምንም ያህል ይነስ ወዲያው ሰው ሊያነጋግራት ይገባል።

መጠይቁ ስለ ባል፣ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ አማት ምንም አይጠይቅም። ቴርሞሜትር ነው። ትኩሳት እንዳለ ይነግረናል፤ እሳቱ የት እንዳለ ሌላ ፍለጋ ይጠይቃል።

ይሄው ቴርሞሜትር ከዚያ ወደኛም መጣ። የነቻርሎት ሃንሎንና አታላይ አለም ቡድን ቡታጅራ ላይ ሞከረው፤ በ2008 እንዳሳተሙት በገጠር እናቶች ላይ በደንብ አልሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚታወቅበት፣ 20 «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባሉ ጥያቄዎች ያሉት ሌላ መጠይቅ ተሽሎ ተገኘ። የኤድንብራው መለኪያ አዲስ አበባ ላይ ሲሞከር ደግሞ፣ በ2010 በወጣው ጥናት፣ ተቀባይነት ያለው ውጤት ሰጠ። አንድ አገር፣ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ውጤት! እንደኔ ግምት አንዱ ምክንያት የመልሱ አሰጣጥ ነው፤ አራት ደረጃ ካለው መልስ ይልቅ አዎ ወይም አይደለም ማለት ለብዙ ሰው ይቀላል። ሌላው ቋንቋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅቱ መጠይቅ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ጭንቀቱን በሰውነቱ ነው የሚናገረው። ሆዴን ባሰኝ፣ ልቤ ታፈነ፣ አንጀቴ ተላወሰ ይላል። «ደበረኝ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ሰለቸኝ ማለት ሊሆንባችሁ ነው።

ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎቹ ቁጥር ብቻ አልሰበሰቡም፤ ቁጭ ብለውም አዳመጡ። ያገኙትን ያሳተሙት «በሕይወትና በሞት መካከል» በሚል ርዕስ ነው። የምጥ ፍርሃት፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ ድህነትና የትዳር ውጥረት እርስ በርስ እየተደራረቡ በነፍሰ ጡሯ ላይ እንዴት እንደሚከብዱ ይተርካል። «ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሰላምታችን ከየት እንደመጣ ለሚገርመው ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም።

«ታዲያ የእኛ የአራስ ወግ አያድናትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በ1983 ስተርንና ክሩክማን የተባሉ ተመራማሪዎችም ያነሱት ነው። እናቲቱ የምታርፍበት፣ የምትመገብበትና የምትከበርበት የተወሰነ ጊዜ ያለበት ባህል ድባቴን ሊከላከል ይችላል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግን ወግ ያለበት ቦታ ሁሉ ድባቴ የለም ማለት አይደለም። ሕንድ ውስጥ ለወላድ የሚደረግ ወግ ሞልቷል። ሆኖም ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቹ ጎዋ ላይ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ከወለዱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከሆናቸው 252 እናቶች 23 በመቶዎቹ ድባቴ ነበረባቸው። ድህነትና የከፋ ትዳር ለመነሻውም ለመቆየቱም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የሕፃኑ ፆታም ነበረበት። ሴት ልጅ መውለድ እንደ ረሃብና የባል ዱላ ያሉ ሌሎች ችግሮች በእናቲቱ ላይ የሚያሳርፉትን ጫና ይቀይር ነበር። ለወንድ ልጅ የሚበዛ፣ ለሴት የሚያንስ እልልታ ባለበት አገር ላደግን ሰዎች ይሄን መረዳት አይከብደንም።

መንስኤው ቤት ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱስ ከፊሉ እዚያ ሊሆን አይችልም? መለኪያውን ከሠሩት አንዷ፣ ጄኒ ሆልደን፣ ይህንኑ ሞከረች። በ1989 በወጣው ጥናት ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ወስደው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ እየሄዱ አዳመጡ። ምክር ማዝነብ አልነበረም ሥራቸው፤ መስማት ነው። ከተጠየቁት 26 እናቶች 18ቱ አገገሙ፤ ካልተጠየቁት 24 ግን 9ኙ ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ልዩነቱ ግን ብዙዎችን አስነሳ።

ከነዚህ አንዱ ፓኪስታናዊው አቲፍ ራህማን ነበር። በ2008 የታተመው ሙከራው የተካሄደው ራዋልፒንዲ አቅራቢያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። የኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያውቅ ሰው በቀላሉ የሚገምታቸው የሠፈር የጤና ሠራተኞች ድባቴ የያዛቸውን እናቶች ከእርግዝና ጀምሮ እቤታቸው ይጎበኟቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በሠለጠኑት ከተጎበኙት 23 በመቶዎቹ፣ ባልሠለጠኑት ከተጎበኙት ደግሞ 53 በመቶዎቹ አሁንም ድባቴ ነበረባቸው። ዘዴያቸውን ልንገራችሁ። «ምራታችሁ የአእምሮ ሕመም አለባትና እናክማት» ቢሉ በሩን የሚከፍት አማት አይኖርም። ስለዚህ የመጣነው ስለ ሕፃኑ ጤናና እድገት ነው አሉ። ስለ ሕፃኑ ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ ይቀመጣል፤ ወሬው ቀስ ብሎ ወደ እናቲቱ ይዞራል።

ሙከራው በዋናነት ሊለካ ያሰበው የሕፃናቱን ክብደትና ቁመት ነበር፤ በእሱ በኩል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ተቅማጥ ግን ቀነሰ፣ ክትባት የጨረሱት በዙ። እናቶቹ ብቻ ሳይሆኑ አባቶቹም ከልጆቻቸው ጋር የሚጫወቱበት ጊዜ ጨመረ።