ስክሪኑን ማን ጠየቀ?

ደሴ ፒያሳም ይሁን ቧንቧ ውሃ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ኮር ስንት ነው? ራሙ ስንት ነው? ኤስኤስዲ አለው? ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? ስለ ስክሪኑ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "አልተሰነጠቀም አይደል?" ካልተሰነጠቀ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ገዢው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት የሚያፈጠው ፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም።

ጥፋቱ የደሴው ገዢ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን በአዲስነቱ በመቶዎች ቆጥሮ ያዘዘው የውጭ አገር መሥሪያ ቤትም ስለ ስክሪኑ ብዙም አልተጨነቀም። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሲገጠም የኖረው የስክሪን ዓይነት ቲኤን ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ያውም በስዊዘርላንዱ የመድኃኒት ኩባንያ በሆፍማን ላ ሮሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ። በሁለት መስታወት መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተጠማዞ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ቀጥ ይላል፤ በዚህ መሠረት ብርሃን ያልፋል ወይም ይታገዳል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ኃይል አያባክንም። ድክመቱ ማዕዘን ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ይነጣል፤ ከታች ሲያዩት ጨለማው ብርሃን፣ ብርሃኑ ጨለማ ይሆናል። አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ተማሪ በሚዳረስበት አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። መሐል የተቀመጠው ያነባል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ይገምታሉ።

መፍትሔውም ከተገኘ ቆይቷል። የጃፓኑ ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያቀረበው አይፒኤስ የተባለ ስክሪን ክሪስታሉን ከመስታወቱ ጋር እንደተጋደመ ስለሚያዞረው፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ቀለሙ ያው ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ተጨማሪ ከፍሎ ለሚገዛ ብቻ የሚሰጥ ነገር ሆኖ ቆየ። የሚያስገርመው ደግሞ ገበያው ወደኋላ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቲንክፓድ ቲ60 በ15 ኢንች አይፒኤስ ስክሪን 1600 በ1200 ፒክስል ይዞ ሊገዛ ይችል ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የዚያው ቤተሰብ ልጅ የሆነው ቲ440ፒ በመነሻ ዋጋው ሲሸጥ 1366 በ768 ፒክስል ያለው ቲኤን ስክሪን ተገጥሞለት ነበር። ፕሮሰሰሩ በብዙ እጥፍ አድጎ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ጠበበ ማለት ነው። በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሰነዱ ላይ ፕሮሰሰርና ራም ይጽፋል፤ አምራቹም ወጪ የሚቆጥበው ሰነዱ ላይ ካልተጻፈው ነገር ነው።

የዚያ ዘመን ላፕቶፖች፣ ቲንክፓዱም ላቲቲዩዱም ኤሊትቡኩም፣ ጊዜያቸውን ጨርሰው በዱባይና በሌሎች መንገዶች ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ገላቸው ጠንካራ ነው፣ ማዘርቦርዳቸው አይሞትም፣ ስክሪናቸው ግን የገረጣ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል እዚህ ላይ በከፊል ይሠራል።

በከፊል የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላፕቶፕ አካላት ሁሉ በቀላሉ በተሻለ የሚተካው ይኸው ችላ የተባለው ስክሪን ሆኖ ተገኝቷል። ማንም ለጠጋኝ አዝኖ ያደረገው አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ትልልቆቹ ኮምፒውተር ሻጮች የስክሪን ፋብሪካዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ሲሉ የፓነሉ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳውና የመሰኪያው ቦታ አንድ ወጥ እንዲሆን ተስማሙ። ዓላማቸው ዛሬ ከኮሪያ ነገ ከታይዋን እየገዙ ዋጋ ማስቀነስ ነበር። ቀጥሎ በ2008 መጨረሻ ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር ኢዲፒ የሚባለውን የውስጥ መሰኪያ ደረጃ አወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባለ 30 ፒኑ መሰኪያ በየላፕቶፑ ተለመደ። ቀጭን ኬብል፣ አነስተኛ ኃይል፣ ርካሽ ሥራ ተፈልጎ የተሠራው ነገር፣ ማንም ያላሰበለትን የደሴ ጠጋኝ ጠቀመ።

ለዚህም ነው "ስክሪኑ ኦርጅናል ነው?" የሚለው የገበያ ጥያቄ እምብዛም ትርጉም የማይኖረው። ሌኖቮ ስክሪን አያመርትም፤ ዴልም፣ ኤችፒም አያመርቱም። የሚያመርቱት ኤልጂ ዲስፕሌይ፣ ኤዩኦ፣ ኢኖሉክስ፣ ቢኦኢና የመሳሰሉት ናቸው። ዛሬ በዓለም ግንባር ቀደም የሆነው የቤጂንጉ ቢኦኢ ሥራውን የተማረው በ2003 የኮሪያውን የሃይዲስን የስክሪን ሥራ ገዝቶ ነው። ከዚያ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች እየተሽቀዳደሙ ባመረቱ ቁጥር የፓነል ዋጋ ወረደ። ትናንት ለሀብታም የነበረው አይፒኤስ ዛሬ 50 እና 60 ዶላር የሚሸጥ መለዋወጫ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ምዕራፍ አላት፤ ብዙ ሰው ግን ረስቶታል።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ በጀርመን ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል ወደ 5000 የሚጠጉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ተከፋፈሉ። ኤክስኦ ይባላሉ፤ "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ውጤት ነበሩ። የፊደል ገበታ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ተሠርቶላቸው ነበር። ፕሮሰሰራቸው ደካማ፣ ማስቀመጫቸው ጠባብ፣ መልካቸው የመጫወቻ ነው። ስክሪናቸው ግን በዚያን ጊዜ በየትኛውም ውድ ላፕቶፕ ላይ የማይገኝ ነበር። ሜሪ ሉ ጄፕሰን የነደፈችው ይህ 7.5 ኢንች ስክሪን ጥላ ውስጥ በቀለም ይሠራል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ደግሞ የኋላ መብራቱ ጠፍቶ የፀሐይዋን ብርሃን መልሶ እያንጸባረቀ፣ እንደ ጋዜጣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በ1200 በ900 ፒክስል ይነበባል። የ13 ወር ፀሐይ አለኝ ለሚል አገር፣ መብራት ለማይገባበት ትምህርት ቤት፣ ከዚህ የተሻለ ስክሪን ሊታሰብ አይችልም ነበር።

ፕሮጀክቱ ግን አልሰፋም። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ እያስተማረ ተማሪው ላፕቶፕ ሲከፍት ክፍሉ ይታወካል የሚል ቅሬታ በጊዜው በተደረገ ግምገማ ላይ ተመዝግቧል። ሥልጠናው አነስተኛ ነበር፤ ማሽኑም ለፈረንጅ ሕፃን የታሰበ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ ብዙ ተብሎበታል። ያልተባለው ስለ ስክሪኑ ነው። ያ ድንቅ ፓነል ከኤክስኦ ውጭ ወደ ምንም ሊሄድ አይችልም ነበር። መጠኑ የራሱ፣ መሰኪያው የራሱ፣ የሚያዘው ቺፕ እንኳ የራሱ ነበር። ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑም አብሮ ገባ። ኤክስኦን ያሰቡት ሰዎች፣ ሌላው ዓለም ያላነሳውን የስክሪን ጥያቄ በማንሳታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። የመሰኪያውን ጥያቄ ግን ዘለሉት።

ጄፕሰን ራሷ ይህን የተረዳች ይመስላል። ከዘመቻው ወጥታ በ2008 ፒክስል ኪ የተባለ ኩባንያ አቋቋመች። በ2010 ኩባንያው ፀሐይ ላይ የሚነበብ ባለ 10.1 ኢንች ፓነል፣ ሰው በራሱ ዊንጭ ከሳምሰንግ ኤን130 እና ከሌኖቮ ኤስ10-2 ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ነባሩን አውጥቶ እንዲገጥመው አድርጎ በ275 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዋጋው ግን ላፕቶፑን ራሱን ሊገዛ ምንም አይቀረውም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ደበዘዘ። በአዲስ አበባና በደሴ ላፕቶፖች ላይ የተገጠመው የጄፕሰን ስክሪን ሳይሆን የቢኦኢና የኤልጂ ተራ አይፒኤስ ሆነ፤ ምክንያቱም ባለ 30 ፒን ነው።

ወደ ወሎ እንመለስ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ የመንግሥት ጦር ከተሞቹን መልሶ የያዘው ኅዳር 27 ቀን ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሆስፒታሎች፣ ከፋብሪካዎችና ከቢሮዎች ብዙ ንብረት ተዘረፈ፣ ተሰባበረም፤ ኮምፒውተርም ከዚያ ውስጥ አለበት። ላፕቶፕ ሲወድቅ ወይም ሲረገጥ መጀመሪያ የሚሰበረው ስክሪኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚሰበረው እሱ ብቻ ነው። ከተሰበረው መስታወት በታች መረጃው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሒሳብ መዝገቡ በሕይወት አለ። ስክሪኑን ማውጣትና ማስገባት የሚችል እጅ ያለበት ከተማና የሌለበት ከተማ የሚለያዩት በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ መጽሐፍና የትምህርት ቪዲዮ ለብዙ ተማሪ ዋናው መማሪያ ሆነ።

ሥራው ለሚያውቀው ከባድ አይደለም። ባትሪው ይነቀላል፤ ይህን የዘለለ ጠጋኝ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የስክሪን መብራት ፊውዝ ያቃጥልና ጥፋቱን ከአዲሱ ፓነል ላይ ይጥላል። ፍሬሙ ይፈለቀቃል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ። ከዚያ የሚነበበው የላፕቶፑ ስም ሳይሆን ከፓነሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው፤ መጠኑ፣ የብሎን ጆሮ ያለው ወይም የሌለው መሆኑ፣ 30 ፒን ነው ወይስ 40። ከላይ የተጠቀሰው ቲ440ፒ ኬብሉ ሳይነካ ባለ 1920 በ1080 አይፒኤስ ይቀበላል። የአንድ ዓመት ታላቁ ቲ430 ግን አሮጌውን ኤልቪዲኤስ መሰኪያ ስለሚጠቀም ያለ መቀየሪያ ቦርድ እሺ አይልም። የአንድ ዓመት ልዩነት ነው፤ ቁጥሩን ሳያነብ ያዘዘ ሰው ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ገንዘቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 መንግሥት 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት ዘመቻ አስጀመረ፤ በዚያው ወር የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ130 በላይ ደረሰ። በባንክ ተመን ሲሰላ ባለ 60 ዶላር ፓነል ከ3400 ብር ገደማ ወደ 7800 ብር ሄደ። እርግጥ ነው፣ የመለዋወጫ ነጋዴው ቀድሞም ዶላር የሚያገኘው ከባንክ ሳይሆን ከ100 ብር በላይ ከሚሸጠው ትይዩ ገበያ ነበር፤ ስለዚህ ለእሱ ዝላዩ በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል አይሆንም። ቢሆንም ወጣቱን ወደ ስክሪን የጠራው ወርና ስክሪኑን ያስወደደው ወር አንድ መሆናቸው ይታወስ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ በ768 ረድፍ ፒክስል ላይ እያንከባለለ የሚያነብ ተፈታኝ፣ ገጹን በሙሉ ከሚያየው ጋር እኩል ተቀምጧል ማለት ያስቸግራል።

ከፊት ያለው ጊዜ ደግሞ ለጠጋኝ የሚመች አይመስልም። አፕል በ2012 ባወጣው ሬቲና ማክቡክ ፕሮ ፓነሉንና ክዳኑን አንድ አካል አደረጋቸው። ሌሎችም በንክኪ ስክሪንና በቀጭን ገላ ስም መስታወቱን በሙጫ ማጣበቅ ለመዱ። በተቃራኒው ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2024 ያወጣውን ባለ 2880 በ1920 ስክሪን፣ ከ2021 ጀምሮ የሸጣቸው ባለ 13 ኢንች ላፕቶፖች ሁሉ እንዲቀበሉት አድርጓል። ሁለቱም መንገድ ይቻላል፤ የሚወስነው ገዢው የሚጠይቀው ነው። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ካርቶኑ የሚከፈተው ላፕቶፕ ከዓመታት በኋላ አገልግሎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነም እንደተጣበቀ ይደርሳል። ያንን የኮምቦልቻ ገዢ ሊለውጠው አይችልም። ለፈተና ጣቢያና ለዩኒቨርሲቲ በሺዎች አዲስ ላፕቶፕ የሚያዝ የመንግሥት ግዥ ግን ይችላል፤ ከፕሮሰሰሩና ከራሙ ሥር ሁለት መስመር መጨመር ይበቃዋል፦ ስክሪኑ አይፒኤስ፣ 1920 በ1080፤ ፓነሉ በብሎን የሚፈታ፣ ባለ 30 ፒን።