የገዳም ባሪያዎች፦ የሮማ ሕዝብና የቤተ ክርስቲያን ዕዳ

ከሕንድ የፈለሱት ሮማዎች ዛሬ ሩማኒያ በምንላት ምድር፣ በዋላኪያና በሞልዳቪያ፣ ከ400 ዓመታት በላይ በባርነት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1385 የተጻፈ ሰነድ 40 የሮማ ቤተሰቦች ለቲስማና ገዳም ንብረት መሆናቸውን ያጸናል። ጌቶቻቸው መሳፍንት፣ ባላባቶችና ገዳማት ነበሩ። ያጠመቀቻቸው ቤተ ክርስቲያን ራሷ በባርነት ገዛቻቸው። በዋላኪያ የገዳማቱ ባሪያዎች በ1847፣ የባላባቶቹ በ1856 አርነት ወጡ። በ1856ቱ ሕግ ካሳ የተቆረጠው ለጌቶች ነበር፤ ነጻ ለወጡት መሬት እንኳ አልታሰበላቸውም። ዛሬ ለሚደርስባቸው መገለል አንዱ ሥር ይህ ነው።

ገላትያ 3፥28ን የሚሰብክ አገልጋይ ይህን ታሪክ ሊያልፈው አይችልም። ለሮማዎች መብት መቆም የምጽዋት ጉዳይ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን በአፏ መስክራ በእጇ የካደችውን እውነት፣ ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር መልክ መሆኑን፣ በሥራ መመስከር ነው።