ለማን የተሰናዳ እሽግ? የታሸገ ማቅጠኛ ምግብና ቀጫጭን የስኳር ሕመምተኞች

የታሸገ ማቅጠኛ ምግብ ለስኳር ሕመምተኛ ይስማማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ዛሬ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው በአንድ የብሪታንያ ጥናት ላይ የቆመ ነው። ጥናቱን አልነቅፍም። የምሞግተው ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑት ሮይ ቴይለር ውጤቱን እስከ ቀጭን ሕመምተኞች ድረስ የወሰዱበትን መንገድ ነው። ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ማስረጃ በእሳቸው ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ያ ማስረጃ ከተነበበ ግን እሽጉን እዚህ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አቦ ለሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በጅምላ መምከር አይቻልም።

ወፍራም ሰው ሲከሳ ስኳሩ እንደሚሻሻል አከራካሪ አይደለም። 5,145 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካው «ሉክ አሄድ» ጥናት በከፊል የታሸገ ምግብ ተጠቅሞ ክብደትን ቀንሷል፤ የልብ ሕመምን ስላልቀነሰ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ተቋርጧል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

«ዳይሬክት» የተባለው ያ የማይክል ሊንና የቴይለር የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 በ«ላንሴት» ሲወጣ 306 ተሳታፊዎች ነበሩት። በእሽጉ ቡድን የገቡት ከ3 እስከ 5 ወር በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ የሚሰጥ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ወሰዱ። በዓመቱ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ከስኳር ሕመም ደረጃ ወረዱ፤ በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ 36 በመቶ ሆነ። ማስታወቂያ የሚጠቅሰው ይህንን ነው። የማይጠቅሰው የመግቢያውን መስፈርት ነው፤ ሕመሙ ከታወቀ ከ6 ዓመት ያልበለጠው፣ ኢንሱሊን የማይወጋ፣ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላው መለኪያ (ቢ.ኤም.አይ.) ከ27 በላይ የሆነ ሰው ብቻ ነበር የተመረጠው። የስኳር ክኒኑም ዱቄቱ በተጀመረበት ቀን ተቋርጧል።

ቴይለር ግን በዚህ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሆልማን ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የስብ ጣሪያ አለው አሉ፤ ቀጭን የሚመስለውም ስቡ ጉበቱና ቆሽቱ ውስጥ ከተከማቸ ይታመማል፣ ሲከሳም ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ማስረጃ ብለው ያቀረቡት 20 ሰዎች የተካፈሉበትን ጥናት ነው፤ 14ቱ ተሻላቸው። 20 የብሪታንያ ነዋሪዎች ስለ ቀጭን ሕመምተኛ ሁሉ ሊመሰክሩ አይችሉም። እነሱም ቢሆኑ ሕመማቸው የቅርብ ነበር፤ ኢንሱሊንም አይወጉም ነበር።

አሁን ወደ ተዘነጋው የጎንደር ምንጭ እንምጣ። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ኤልድሪድ ፓሪና ዴቪድ ፊሊፕስ ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በ«ዲያቤቶሎጂያ» ባሳተሙት ጽሑፍ የገጠር ኢትዮጵያ የስኳር ሕመምተኛ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ሰው ጋር እንደማይመሳሰል አሳዩ። ወጣት ነው፣ ከሲታ ነው፣ ድኻ ነው፣ ያለ ኢንሱሊን አይቆምም። በዓመቱ የተከተለው የፈቃዱና የባልደረቦቹ ጥናት 107 ሕመምተኞችን የስኳር ሕመም ከሌለባቸው 110 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ሕመሙን ከድህነትና ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር አያያዘው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳርን መድቦ፣ በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። የጎንደሮቹ ጥያቄ ጉዳዩ እንደገና ይከፈት የሚል ነበር። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ነው። ለ16 ዓመት የጎንደርን ድምፅ የሰማ ጥቂት ነው።

ነገሩን የሚቋጨው ደግሞ የሕንድ ማስረጃ ነው። በቬሎር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ሕመምተኞች ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከተለመደው ዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞች ያነሰ፣ ችግራቸውም የኢንሱሊን ማነስ መሆኑን አግኝቷል። ስቡ ካነሰ ጣሪያው ምን ያደርጋል? ሲከሱ የሚቀልጠው ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

«ሳሪስ አቦ ጎንደር አይደለም፤ እዚህ ቦርጭ አለ» የሚል ይኖራል። አለ። ለቦርጫሙ አዲስ ሕመምተኛ እሽጉ በሐኪም ክትትል ሊጠቅም እንደሚችል እቀበላለሁ። ነገር ግን ከፋብሪካና ከቀን ሠራተኛው ልጅነቱን ገጠር ያሳለፈው ብዙ ነው፤ ከተማ መግባቱ የልጅነት ረሃቡን አልሰረዘለትም። በኳታር የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት 61 በመቶው ከሕመሙ ደረጃ እንደወረዱ ማግኘቱም ክርክሬን አይነካውም፤ እዚያ የተመረጡትም ከ27 በላይ የሆኑት ነበሩ።

አደጋው በመድኃኒቱ በኩል ይታያል። እዚህ ብዙ የሚታዘዘው ግሊቤንክላሚድ ምግብ ኖረ አልኖረ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ሥራውም እስከ 24 ሰዓት ይዘልቃል። ጠዋት ክኒኑን ውጦ በምሳ ምትክ 200 ካሎሪ ዱቄት የጠጣ ሠራተኛ ማታ ታክሲ ሲጠብቅ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል። ሰዉ «ስኳሩ ወረደ» የሚለው ይህ ነው፤ ኢንሱሊን ለሚወጋ ደግሞ ይብሳል።

ሌላም ነገር አለ። ዱቄቱ በአብዛኛው ከወተት የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ የፍስክ ነው። ሰፈሩ «አቦ» ብሎ የሚጠራቸው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል መጋቢት 5 ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከመጋቢት 5 አልፎ ስለማይገባ በዓሉ ሁልጊዜ ጾም ውስጥ ይውላል። የንስሐ አባቱ እንዲበላ ቢፈቅዱለትም ብዙ ሕመምተኛ በፈቃዱ ይጾማል። ለእንዲህ ያለ ሰው ወራት የሚዘልቅ የወተት ዱቄት የሚያዝ ጾሙን አያውቅም ማለት ነው። የአኩሪ አተር ዱቄት አለ ይባላል፤ ሽሮና ምስር በልክ ተሰፍሮ ከሱ በርካሽ ሲገኝ ለምን?

የአካባቢውን ሕመምተኞች ክብደትና የኢንሱሊን መጠን አብሮ የለካ ጥናት እስኪሠራ ድረስ ድምዳሜዬ በከፊል ግምት መሆኑን እቀበላለሁ። ፍርዴ ግን ግልጽ ነው፦ ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ ግሊቤንክላሚድ ለሚውጥ፣ ወይም ከሲታ ለሆነ የስኳር ሕመምተኛ ይህ እሽግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥ።