የዓለም አቀፍ ብርጌዶች ፎቶግራፎች

በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1936–1939) ከሪፐብሊኩ ጎን የተሰለፉ የውጭ በጎ ፈቃደኛ ወታደሮችን የሚያሳዩ የጦር ሜዳ ምስሎች ናቸው። ከ50 በላይ አገሮች የመጡት ዘማቾች 35,000 ገደማ እንደነበሩ ይገመታል።

ፎቶ አንሺዎች፦ ስመ ጥሮቹ ሮበርት ካፓ፣ ጌርዳ ታሮና ዴቪድ ሲሞር (ሺም) ናቸው። ታሮ በሐምሌ 1937 በብሩኔቴ ግንባር በታንክ ተገጭታ ሕይወቷ አለፈ። ካፓ በጥቅምት 1938 የብርጌዶቹን ስንብት አንሥቷል፤ በምስሎቹ ላይ ወታደሮቹ የተጨበጠ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ይታያሉ።

ክምችት፦ የሦስቱ ባለሙያዎች 4,500 ያህል ኔጋቲቮች ጠፍተው ቆይተው በሜክሲኮ ሲቲ ተገኙ፤ በ2007 ኒው ዮርክ ገቡ። «የሜክሲኮው ሻንጣ» ቢባሉም የተቀመጡት በሦስት የካርቶን ሣጥኖች ነበር። ጥቅል ፊልሞቹ በየክፍሉ ተሰድረው፣ የተነሡበት ቦታ በክዳኑ ላይ በእጅ ተጽፏል።

ከጎጃም ጋር ያለው ግንኙነት፦ ጣሊያናዊው ኢሊዮ ባሮንቲኒ በመጋቢት 1937 በስፔኗ ጓዳላሃራ የብርጌዶቹን የጋሪባልዲ ሻለቃ መርቶ የሙሶሊኒን ጦር ወግቷል። ኋላም በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ገብቶ አርበኞችን አግዟል። በስፔን የተዋጉት ብሩኖ ሮላና አንቶን ኡክማርም ተከትለውታል። የሦስቱም የምስጢር ስም ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ነበር።

ስለዚህ እነዚህ ፎቶግራፎች የስፔን ብቻ ሳይሆኑ፣ ፋሺዝምን በሁለት አገር የታገሉ ሰዎች ታሪክ ማስረጃ በመሆናቸው ለኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪም ትልቅ ዋጋ አላቸው።