«የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው» የተባለው ሶፍትዌር

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌብሯሪ 3 ቀን 1976 የ20 ዓመቱ ቢል ጌትስ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች አንድ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ቁጣ ነበረበት። ጌትስና ጓደኛው ፖል አለን «አልቴር» ለተባለው አዲስ ኮምፒውተር «ቤዚክ» የተሰኘውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጅተው ነበር። በፕሮግራሙ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ገዝቶ የሚጠቀመው ግን፣ ጌትስ እንደሚለው፣ ከአልቴር ባለቤቶች አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ለማሽኑ ትከፍላላችሁ፣ ሶፍትዌሩን ግን ትሰርቃላችሁ። ክፍያ ከሌለ ደግሞ ጥሩ ሶፍትዌር ለመሥራት የሚደክም ባለሙያ አይገኝም።

ደብዳቤው እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ክርክር ከፈተ። ኮምፒውተር የገዛ ሰው የገዛው ምኑን ነው? ቆርቆሮውንና ሽቦውን ብቻ? ወይስ ውስጡን ከፍቶ የማየት፣ የማስተካከልና ለጎረቤት የማካፈል መብትንም ጭምር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉት መንግሥታት ወይም ትልልቅ ኩባንያዎች አልነበሩም። ከሥራና ከትምህርት በተረፈ ሰዓታቸው ከማሽን ጋር የሚታገሉ ተራ ሰዎች ነበሩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከደብዳቤው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በጃንዋሪ 1975 «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800ን በሽፋኑ ይዞ ወጣ። አምራቹ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ከተማ የነበረ፣ በሒሳብ ማሽን ንግድ ከስሮ ሊዘጋ የደረሰ ኤምአይቲኤስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ዋጋው ከ400 ዶላር በታች ነበር። ዕቃው የሚመጣው ተበታትኖ በሳጥን ሲሆን ገዢው ራሱ እየበየደ ይገጣጥመዋል። ኪቦርድ የለውም፤ ስክሪንም የለውም። ትእዛዝ የሚሰጠው ከፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው፤ መልሱም የሚነበበው ብልጭ ድርግም ከሚሉ መብራቶች ነው። ማኅደረ ትውስታው 256 ባይት ብቻ ነበር። በዛሬው አሠራር ይህ 85 የአማርኛ ፊደላትን ቢይዝ ነው።

ይህን ለመሰለ ነገር ማን ገንዘብ ያወጣል? በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አወጡ። ኮምፒውተር የባንክ፣ የጦር ሠራዊትና የዩኒቨርሲቲ ንብረት በነበረበት ዘመን የራስን ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ተአምር ነበር። ማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ፣ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። «ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ» የተወለደው ያን ዕለት ነው። ከታዳሚዎቹ አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር። ዎዝኒያክ ኋላ «አፕል 1» የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ ንድፉን እያባዛ ለክለቡ አባላት በነፃ ያድል ነበር። የክለቡ ወግ ይኸው ነው፤ ያወቀ ያሳውቃል፣ ያገኘ ያካፍላል።

የጌትስ ቤዚክም በዚህ ወግ ውስጥ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም የሚሸጠው በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። አንዱ ጥቅል ከክለቡ አባላት እጅ ገባ፤ ተባዛ፤ ለመጣው ሁሉ ታደለ። ጌትስን ያስቆጣው ይህ ነው። ቁጣው መሠረተ ቢስ አልነበረም። የሰው ድካም ነውና። ነገር ግን በዚያው 1976 ሌላ ዓይነት መልስ ታየ። ሊ ቸን ዋንግ የተባለ ፕሮግራመር «ታይኒ ቤዚክ»ን በራሱ መንገድ ጽፎ ኮዱ በመጽሔት ወጣ። በእንግሊዝኛ «መብት» እና «ቀኝ» አንድ ቃል ናቸውና፣ «ኮፒራይት» በሚጻፍበት ቦታ በቀልድ «ኮፒሌፍት» ብሎ ጻፈበት። የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ከማባዛት ይልቅ የራስን ሥራ በፈቃድ መስጠት የሚል ሦስተኛ መንገድ መኖሩ ያኔ ተጠቆመ።

ቀልዱን ወደ ሕግ የቀየረው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ስቶልማን በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። የቤተ ሙከራው ማተሚያ ማሽን ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል። በቀድሞው ማሽን ላይ ስቶልማን ራሱ ፕሮግራሙን አስተካክሎ፣ ወረቀት በተያዘ ቁጥር መልእክት እንዲመጣ አድርጎ ነበር። አዲሱ ማሽን ግን ኮዱ ተዘግቶ መጣ። ኮዱ አለው የተባለን ሌላ ተመራማሪ ቢጠይቅ «ላለመስጠት ፈርሜያለሁ» ተባለ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ስቶልማን ግን የገዛ ቤቱ ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ እንደገባ ቆጠረው። በሴፕቴምበር 1983 «ግኑ» የሚል ስም የሰጠውን ሥራ አወጀ፤ ማንም የሚያየውና የሚያሻሽለው ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመገንባት። በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ አወጣ። ብልሃቱ ይህ ነው፦ ተጠቀምበት፣ ክፈተው፣ ለውጠው፣ ብትፈልግ ሽጠው። ለሌላ ስታስተላልፈው ግን አንተ ያገኘኸውን መብት ለእርሱም አስተላልፍ።

ግኑ ብዙ መሣሪያ ነበረው። የጎደለው ልቡ ነበር፤ ማለትም ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው «ከርነል»። እርሱ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ11 ዓመቱ ገደማ ኮምፒውተር የነካው በሄልሲንኪ፣ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር በነበሩት አያቱ ኮሞዶር ቪክ 20 ላይ ነው። ቀጥሎ ሲንክሌር ኪውኤል ገዛ። ለዚያ ማሽን በፊንላንድ ብዙም ሶፍትዌር ስላልነበረ የሚያስፈልገውን ራሱ መጻፍ ያዘ። በጃንዋሪ 1991 ኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ያለው፣ 4 ሜጋባይት ራም የያዘ ኮምፒውተር በሦስት ዓመት ክፍያ ወሰደ። ኦገስት 25 ቀን 1991፣ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ አንድ ሥርዓተ ክወና እየጻፈ መሆኑን በኢንተርኔት አሳወቀ። የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፣ እንደ ግኑ ትልቅ አይሆንም ሲልም አከለ።

ከዚያ የሆነው በእኛ አገር ደቦ የምንለው ነው። አንዱ ስህተት አገኘ፣ ሌላው አረመ፣ ሦስተኛው ለራሱ ማሽን የሚሆን ቁራጭ ጨመረ። ሊነስ ገንዘብ ከመቀበል ይልቅ ፖስት ካርድ ላኩልኝ ይል ነበር። የኮምፒውተሩን ቀሪ ዕዳ ግን ተጠቃሚዎቹ አዋጥተው ከፈሉለት። በ1992 ሥራውን በስቶልማን ፈቃድ ሥር አደረገው፤ ልቡና አካሉ ተገናኙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚወዳቸው ነፃ ፕሮግራሞች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በየላፕቶፑ ፊልም የሚከፍተው ቪኤልሲ በ1996 የፓሪስ ተማሪዎች ቪዲዮ በግቢያቸው ኔትወርክ ለማሰራጨት የጀመሩት ሥራ ነው። ፕሮግራመሮች የሚምሉበትን ቪም የተሰኘ የጽሑፍ ማረሚያ ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር በ1988 በግል አሚጋ ኮምፒውተሩ ላይ ጀመረው። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ኦገስት 2023 ድረስ አልተለየውም። ዋጋ አልጠየቀበትም፤ የወደደው ሰው በደቡብ ኡጋንዳ ኪባሌ ለሚገኙ ችግረኛ ሕፃናት እንዲረዳ ብቻ ተማጸነ። «ኡቡንቱ» የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት በ2004 ያስጀመረው ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ድርጅቱ ለዓመታት ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር።

ውጤቱስ? የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ልቡ የሊኑክስ ከርነል ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው ከተመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች አንድም ሳይቀር የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ታሪኩን ተረት አናድርገው። ዛሬ ከርነሉን ከሚጽፉት አብዛኞቹ የትልልቅ ኩባንያዎች ደመወዝተኞች ናቸው። ጌትስ «ባለሙያ ክፍያ ይፈልጋል» ማለቱ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ገንዘብ የሚገኘው በሩን በመቆለፍ ብቻ ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ሰው ለሥራው እየተከፈለው ሥራው የጋራ ሊሆን እንደሚችል ሊኑክስ አሳይቷል።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹና 90ዎቹ ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት በአገር ውስጥም በውጭም የነበሩ ጥቂት ትጉህ ባለሙያዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። በ1999 ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ ስምምነት ተገኘ። ዛሬ ይህ ጽሑፍ በማንኛውም ስልክ የሚነበበው በዚያ ምክንያት ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን ካልተቀየሩ በስተቀር ዛሬም እንደተቆለፉ ናቸው።

አሁን ደግሞ ሌላ ቁልፍ መጥቷል። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ከ2017 ገደማ በፊት የተሠሩትን ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛና ምንም ያልጎደለው ማሽን በወረቀት «አሮጌ» ሆነ ማለት ነው። የተለመደው መፍትሔ ከመንደር ሱቅ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ማስጫን ነው። የጌትስን የ1976 ክስ እውነት የሚያደርገው እንዲህ ያለው ልማድ ነው፤ ቫይረሱም አብሮ ይመጣል።

ሌላው መንገድ ክፍት ነው። ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ሳይጨነቅ ይሠራል። ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ መሞከርም ይቻላል። አማርኛ ይጻፍበታል፤ ሊብሬኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ሁሉን ይተካል ማለት አይደለም። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ቢሮ ወይም በአዶቤ ፕሮግራሞች የሚተዳደር ግራፊክ ዲዛይነር ይቸገራል። ለተማሪ፣ ለጸሐፊ፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ከበቂ በላይ ነው።

የማወቁ ጉዳይም አለ። በእንግሊዝ ኬምብሪጅ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው የ35 ዶላር ኮምፒውተር በ2012 የወጣው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች እየቀነሱ፣ ያመለከቱትም ከቀድሞዎቹ ያነሰ እያወቁ መምጣታቸው መምህራንን ስላሳሰበ ነው። ኮምፒውተር በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ግን ጠፋ። ሊነስን ሊነስ ያደረገው ሶፍትዌር ያልነበረው ማሽንና ማንም ያልከለከለው ጊዜ ነው።

እናም በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን «ዕድሜው ያለፈ» ተብሎ የተከመረው ኮምፒውተር በኪሎ ከመሸጡ በፊት አንድ ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል። ያረጀው ማሽኑ ነው ወይስ ፈቃዱ? ያረጀው ፈቃዱ ከሆነ ማሽኑን ጠርጎ፣ ሊኑክስ ጭኖ በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት ማስረከብ ለአንድ የአይቲ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።