የአትላንታ ጅረቶች ጤና እንዴት ይለካል?

ጥርት ብሎ የሚፈስ ጅረት ሁሉ ጤናማ አይደለም። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የምትገኘው አትላንታ ይህን በውድ ዋጋ የተማረች ከተማ ናት።

አትላንታ የተቆረቆረችው ሁለት ተፋሰሶች በሚለያዩበት ከፍታ ላይ ነው። ፒችትሪ እና ፕሮክተር የተባሉት ጅረቶች ቻታሁቺ ወንዝን ተቀላቅለው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያመራሉ፤ ሳውዝ ሪቨር የሚባለው ወንዝ ውሃ ደግሞ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይወርዳል። ስለዚህ ከከተማዋ የሚወጣው ብክለት በሁለቱም አቅጣጫ በታችኛው ተፋሰስ ለሚኖሩ ሕዝቦች ይተርፋል።

የጅረትን ጤና ለማወቅ ባለሙያዎች በዋናነት አራት ነገሮችን ይመረምራሉ።

የመጀመሪያው የውሃው ኬሚካላዊ ይዘት ነው፦ ሙቀቱ፣ የአሲድነት መጠኑና በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ዓሦች ይቸገራሉ።

ሁለተኛው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። መገኘቱ የሰው ወይም የእንስሳት ዐይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባቱን ይጠቁማል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.አ.አ. በ2012 ለመዋኛ ውሃ ካወጣቸው መለኪያዎች አንዱ አማካዩ በ100 ሚሊ ሊትር ከ126 እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሦስተኛው በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። የውሃ ናሙና የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው፤ እነዚህ ፍጥረታት ግን የወራትን ታሪክ ይመሰክራሉ። ብክለት የማይችሉት የነፍሳት እጮች ጠፍተው ትሎችና አልቅቶች ብቻ ከቀሩ ጅረቱ ታምሟል ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የቀበናንና የአቃቂን ወንዞች በዚሁ ዘዴ ፈትሸዋል።

አራተኛው የጅረቱ ወለልና ዳርቻ ነው። የዳር ዛፎች ውሃውን ያቀዘቅዛሉ፤ የሚያረግፉት ቅጠልም ለነፍሳቱ ምግብ ይሆናል። በከተማ ግን ዝናቡ በአስፋልትና በጣሪያ ላይ ተንደርድሮ ስለሚወርድ ዳርቻውን ይሸረሽራል፤ ደለሉም የድንጋዮቹን ክፍተት ይደፍናል።

በአትላንታ አንዳንድ ሰፈሮች የዝናብ ውሃና የፍሳሽ ቆሻሻ በአንድ ቱቦ ይሄዱ ስለነበር ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሞልቶ ወደ ጅረቶቹ ይፈስ ነበር። ለቻታሁቺ ወንዝ ጥበቃ የሚሠራ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.አ.አ. በ1995 ከተማዋን ከሰሰ። በ1998 እና በ1999 በፍርድ ቤት በጸደቁ ስምምነቶች መሠረት አትላንታ የፍሳሽ መስመሮቿን ለማደስ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች።

ያም ሆኖ የጎዳና ጎርፍና የሚያፈስሱ አሮጌ ቱቦዎች ዛሬም ጅረቶቹን ይበክላሉ። ለዚህም ነው ሥልጠና የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች በየጊዜው ናሙና የሚቀዱት። የባክቴሪያው መጠን ከወትሮው ሲያሻቅብ ጅረቱን ሽቅብ እየተከተሉ መመርመር የተሰበረውን ቱቦ ለማግኘት ይረዳል። እስኪጠገን ድረስ፣ በተለይም ከዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ልጆችን ከጅረት ማራቅ ይበጃል።