መሀል ከተማ ወይስ ዳርቻ? የአዲስ አበባ ሴቶች የደኅንነት ሒሳብ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ እናቶቻችን። በዚህ ዘመን ግን ብዙዎቻችን የቅርቡን ጎረቤት ትተን ወደ ሩቁ ቤት እንሂድ ወይስ እንቅር እያልን እናሰላስላለን። በማኅበራችን ስብሰባ፣ ቡናው ሲቀርብ፣ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ዕጣ የወጣላት እኅት «ገብቼ ልኑርበት ወይስ አከራይቼው እዚሁ መሀል ልቆይ?» ትላለች። ቤቷ ለልማት የተነሣባት ደግሞ ምርጫው በእጇ ባይሆንም «እዚያ ማታ ስገባ እንዴት ልሆን ነው?» ትላለች።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ሒሳብ አልመዛዘን ሲለኝ ወደ ኋላ ሄጄ የድሮውን መዝገብ አገላብጣለሁ። በዚህ ጽሑፍም የማደርገው ይህንኑ ነው። የከተማችንን መዝገብ እንግለጥና ደኅንነት በየዘመኑ ከየት ይመጣ እንደ ነበር፣ ዋጋውንስ ማን ይከፍል እንደ ነበር እንመልከት።

ሰፈር ማለት መስፈር ነበር

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ዐፄ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ሰጡ። እያንዳንዱ ባለሥልጣን ከነወታደሩ፣ ከነአሽከሩና ከነባለሙያው በተሰጠው ቦታ ላይ ሰፈረ። ዛሬም «ሰፈር» የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ያንን ዘመን ያስታውሱናል።

በዚያ አሰፋፈር ሀብታምና ድኻ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። የጌታው ትልቅ ግቢ መሀል ላይ ሲሆን የተከታዮቹ ትንንሽ ጎጆዎች በዙሪያው ናቸው። የአንድ ሰው ደኅንነት የሚመጣው የማን ሰው እንደሆነ በመታወቁ ነበር። ይሁን እንጂ በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ገደልና ባዶ ሜዳ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይመላለስበታል። እንግዲህ የሚጠበቀው ግቢው እንጂ መንገዱ አልነበረም ማለት ነው። ይህችን ነጥብ አንርሳት፤ ወደ ዘመናችን ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይህንን ተቀላቅሎ መኖር ለማፍረስ ሞከረ። ነጩንና አበሻውን በሰፈር ለመለየት ፕላን አወጣ። አራዳ የነበረውንም የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተቀላቅሎ ኖረ።

ዕድርና ጎረቤት

ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሰው እየበዛ ሲሄድ «የእገሌ ሰው» መባል ብቻውን አልበቃም። የብዙው ሰው ኑሮ በኪራይ ሆነ፤ ዘመዱም ሩቅ አገር ቀረ። ይህንን ክፍተት የሞላው ዕድር ነው። ዕድርን የምናውቀው በቀብሩ፣ በድንኳኑና በወንበሩ ነው። ነገር ግን ዕድር ከዚያ ያለፈ ሥራ ይሠራ ነበር። መዝገብ ስላለው በሰፈሩ ማን እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደለቀቀ ይታወቃል። ሌሊት ኡኡታ ሲሰማ በር ከፍቶ የሚወጣው ሰው በለቅሶ ቀን አብሮ የተቀመጠው ሰው ነው። ሴቶች ደግሞ ከዕድሩ ሌላ በዕቁብ፣ በማኅበርና በየዕለቱ ቡና የሚተዋወቁበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው።

ሆኖም በዚያ ዘመን የት እንኑር የሚለውን ጥያቄ የምትመልሰው ሴቲቱ አልነበረችም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ስለነበር ባልና ሚስት የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው ባል ነበር። ውሃ ለመቅዳት በጨለማ የምትወጣውና ገበያ የምትሄደው ሚስት ናት፤ ሰፈሩን የሚመርጠው ግን ሌላ ሰው ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ ወጪው በአንዷ ስም ተመዝግቦ ውሳኔው በሌላው እጅ ነበር።

ያው ዓይን ሲጠብቅና ሲሰልል

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ የቤት ኪራይም ቀነሰ። ለብዙ ድኻ ሴቶች፣ በተለይም ብቻቸውን ልጅ ለሚያሳድጉት፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አከራይ በፈለገ ጊዜ አውጥቶ አይጥላቸውም።

ነገር ግን ቀበሌው የነዋሪው ማኅበር ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአብዮት ጥበቃ ተቋቋመበት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ማን የት እንደሚያድር ማወቅ ሰውን የሚያድን ሳይሆን የሚያስገድል ሆነ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ስንት እናት ልጇን ከማያውቋት ሌባ ሳይሆን ከሚያውቋት ጎረቤት ደበቀች። ስለዚህ «ጎረቤት ካለ ደኅንነት አለ» ብለን ዝም ብለን መደምደም አንችልም። ጎረቤት መተዋወቁ መልካም የሚሆነው ያ እውቀት በማን እጅ እንዳለና ለምን እንደሚውል ሲታወቅ ነው።

የቀበሌ ቤት ሌላም ጉድለት ነበረው። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለሆነ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ብዙዎቹ ቤቶች ጭቃና እንጨት ናቸው፤ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ በጋራ ነው። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት መውጣት ለአንዲት ልጃገረድ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ያደግን እናውቀዋለን፤ እናት ፋኖስ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። መሀል ከተማ «ደኅና ነው» ሲባል ይህም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

የራሳችን ቁልፍ

በቅርቡ ታሪካችን ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት እኩል መብት አግኝተዋል፤ መኖሪያቸውንም የሚመርጡት በጋራ ነው። ሁለተኛው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፊው የተካሄደው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ ነው። በዕጣው ከመቶ ሠላሳው ለሴቶች ተለይቶ ይያዝ ነበር። ብዙ ሴቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተጻፈ ቤት ያገኙት በዚህ ነው። ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው፤ በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም የራሷ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የተሠሩት እንደ ገርጂ ያሉት ለመሀሉ ቅርብ ነበሩ። በኋላ ግን ርካሽ ሰፊ ቦታ የሚገኘው ዳር ላይ ስለሆነ ግንባታው ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ሄደ። ዳሩም ባዶ መሬት አልነበረም፤ የሚያርሱበት ገበሬዎች የነበሩበት ነው። የእነርሱም ከመሬታቸው መነሣት በአዲሶቹ ሰፈሮች ታሪክ ውስጥ ያለ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ተግባብቶ መኖር የደኅንነታችን አንዱ ክፍል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎችም የቆዩ ሰፈሮች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ዳርቻው ተዛውረዋል።

አሁን ያችን የመጀመሪያ ነጥብ እናስታውስ፤ በምኒልክ ዘመን የሚጠበቀው ግቢው እንጂ መንገዱ አልነበረም። በብዙ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮችም የምናየው ይኸው ነው። ሕንጻው በር አለው፤ ነዋሪው አዋጥቶ የቀጠረው ዘበኛም አለው። ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ያለው መንገድ ግን መብራት የሌለው፣ ሱቅ ያልተከፈተበት፣ ሰው የማያውቅሽ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለአያትና ለቃሊቲ መስመር ረድቷል፤ ብዙዎቹ ሰፈሮች ግን ከሐዲዱ ርቀው ነው ያሉት። ዕጣ ደርሷቸው ቤታቸውን አከራይተው መሀል ከተማ ከተከራዩት እኅቶች ጋር ስነጋገር የሚነግሩኝ ምክንያት ስለ ክፍሎቹ ጥበት አይደለም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ መውጣቱና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መግባቱ ነው።

እንዴት እንመዝን?

ብዙውን ጊዜ ስናሰላ የምናወዳድረው የቤት ኪራዩን ከባንክ ወርኃዊ ክፍያ ጋር ነው። ይህ ግማሽ ሒሳብ ነው። ታሪኩ እንደሚያስተምረን ሌሎች አራት መደቦች አሉ።

የመጀመሪያው ቤቱ ራሱ ነው፤ ሽንት ቤቱ፣ መቆለፊያው፣ ነገ ማን ያስወጣኛል የሚለው ስጋት። በዚህ በኩል ብዙውን ጊዜ ዳርቻው ይበልጣል። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሰፈሩን በእሑድ ቀን በስድስት ሰዓት አይታችሁ አትወስኑ። በሥራ ቀን፣ በምትገቡበት ሰዓት፣ ከሥራ ቦታችሁ ተነሥታችሁ በምትጠቀሙበት ትራንስፖርት ሂዱ። ማታ ታክሲ ጠፍቶ በኮንትራት የሚገባበት ቀን ካለ እሱንም በወጪው ጻፉት። ሦስተኛው ሰው ነው፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማን ያያታል? የምትታመሙ ቀን ማን ያንኳኳል? ሱቅ ያላትን፣ ጉሊት የምትቸረችረውን ሴት ጠይቁ፤ ከማንም በላይ እርሷ ታውቃለች። አራተኛው ሥልጣን ነው። የ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይደነግጋል። ዘበኛውን የሚቀጥረው፣ የደረጃውን አምፖል የሚለውጠው ይህ ማኅበር ነው። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች አሉ ወይ? ስብሰባውስ ሴቶች በሚመቻቸው ሰዓት ነው ወይ?

ይህንን ስትመዝኑ ለአንዷ መሀሉ፣ ለሌላዋ ዳርቻው ይበልጥባታል። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስና በቤቷ ልብስ የምትሰፋ እናት አንድ ዓይነት መልስ ሊኖራቸው አይችልም። ሆኖም ለሁላችንም አንድ የሆነ ነገር አለ። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚህች ከተማ ታሪክ ደኅንነት ተሠርቶ የተጠናቀቀ ሰፈር ማንም አስረክቦ አያውቅም። መኳንንቱ ግቢ ሰጡ፣ ቀበሌው ቤት ሰጠ፣ ኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ ሰጠ፤ ዕድሩን ግን ሰዎች ራሳቸው ናቸው ያቋቋሙት።

ስለዚህ ወደ ዳርቻ ለሚሄዱት አባሎቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የድሮ ዕድራችሁን አትተዉ፤ በአዲሱ ሰፈር ግን ሌላ እስኪመሠረት አትጠብቁ። አምስት ሴቶች ካላችሁ ማታ ከታክሲ መውረጃ ተጠባብቃችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ዕቁብ መጀመርም ትችላላችሁ። ማኅበራችንም በአንድ ሳይት የደረሳቸውን አባላት ስም ለይቶ ቢያገናኛቸው፣ የሚረዱን ወገኖችም ከቤት ዕቃ ድጋፉ ጎን ለጎን ለመንገድ መብራት የሚሆን ጥቂት ቢያስቡ፣ ወጪው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ዝርዝሩን ለማዘጋጀት እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ዕጣ የደረሳችሁ እኅቶች የሳይታችሁንና የብሎካችሁን ቁጥር ይዛችሁ ኑ።